ኦኤስፒኤፍ ከሚፎካከሩ የውጭ መንገዶች አንዱን እንዴት ይመርጣል፦ ምርጫውን በደረጃ የመመርመርና የማስተካከል መመሪያ

ወደ አንድ መዳረሻ የሚያደርሱ ሁለት መውጫዎች ባሉት ኔትወርክ ውስጥ የሚያጋጥመው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የግንኙነት መቋረጥ አይደለም። ፓኬቱ ይደርሳል፤ የሚወጣው ግን ባልታሰበው በር ነው። ጠባቡ መሥመር ይጨናነቃል፣ ሰፊው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ባለሙያው ሜትሪኩን፣ ማለትም ለመንገዱ የተሰጠውን የዋጋ ቁጥር፣ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይሞክራል፤ ለውጡ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ውጤት አያመጣም። ይህ የሚሆነው ኦኤስፒኤፍ፣ ማለትም ራውተሮቹ መንገድ ለመምረጥ የሚጠቀሙበት ፕሮቶኮል፣ የውጭ መንገዶችን በአንድ ቁጥር ብቻ ስለማያወዳድር ነው። ምርጫው በቅደም ተከተል የሚቀርቡ ጥያቄዎች ሰንሰለት ሲሆን፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ አሸናፊውን ከለየ በኋላ ቀጣዮቹ ፈጽሞ አይጠየቁም። ስለዚህ ማንኛውም ቁጥር ከመነካቱ በፊት፣ አሁን ያሸነፈው መንገድ በየትኛው ጥያቄ ላይ እንዳሸነፈ መታወቅ አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ያንን ለማወቅና በዚያው ቦታ ላይ ለማስተካከል የተዘጋጁ ናቸው።

«የውጭ መንገድ» ስንል ከሌላ ፕሮቶኮል፣ ከስታቲክ (በእጅ ከተጻፈ) መንገድ ወይም በቀጥታ ከተገናኘ ኔትወርክ ተወስዶ በድንበር ራውተር፣ ማለትም በኤኤስቢአር፣ አማካይነት ወደ ኦኤስፒኤፍ የገባ መንገድ ማለታችን ነው። ደንቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የፕሮቶኮሉ መደበኛ ሰነድ፣ በአርኤፍሲ 2328 ውስጥ፣ በተለይም በክፍል 16.4 ሰፍረዋል።

ደረጃ 1፦ ኔትወርኩን በወረቀት ላይ ይሳሉ፣ ኮስቶቹንም ይጻፉ

ይህን ደረጃ መዝለል ያጓጓል፤ ሆኖም ያለ እሱ ቀጥሎ ያለው ስሌት ሁሉ ግምት ይሆናል። ለምሳሌነት እስከ መጨረሻው የምንጠቀምበት ኔትወርክ አራት ራውተሮች በአንድ መሥመር የተደረደሩበት ነው። ራውተር ለ ከራውተር ሀ ጋር በኮስት (በመሥመሩ ዋጋ) 10፣ ሀ ከራውተር መ ጋር በኮስት 35፣ መ ደግሞ ከራውተር ሐ ጋር በኮስት 5 ይገናኛል። ለ እና ሐ በሁለቱ ጫፎች የሚገኙ ኤኤስቢአሮች ሲሆኑ፣ ሁለቱም 203.0.113.0/24 የተባለውን የውጭ ኔትወርክ ያሳውቃሉ። በዚህ መሠረት ከሀ እስከ ለ ያለው ኮስት 10፣ ከሀ እስከ ሐ 40፣ ከመ እስከ ሐ 5፣ ከመ እስከ ለ 45 ነው።

ኮስቶቹን ከራውተሮቹ ላይ ሲያነቡ ኮስቱ የሚሰላበትን የማመሳከሪያ ባንድዊድዝ አብረው ይመልከቱ። በሲስኮ ራውተሮች ላይ ካልተቀየረ በቀር ማመሳከሪያው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው፤ ስለዚህ የ100 ሜጋቢት፣ የ1 ጊጋቢትና የ10 ጊጋቢት መሥመሮች ሁሉ ኮስታቸው 1 ይሆናል። ይህ ባለበት ሁኔታ ወደ ሁለቱ መውጫዎች ያለው የውስጥ ርቀት ትክክለኛውን ልዩነት አያሳይም። ማመሳከሪያው የሚቀየር ከሆነ በሁሉም ራውተሮች ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ደረጃ 2፦ ውድድሩ በእርግጥ በኦኤስፒኤፍ ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ

ሁለት መንገዶች የሚወዳደሩት የፕሪፊክሳቸው ርዝመት፣ ማለትም በአድራሻው መጨረሻ ከ/ በኋላ ያለው ቁጥር፣ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። አንዱ ኤኤስቢአር 203.0.113.0/24ን፣ ሌላው 203.0.113.0/25ን ቢያሳውቁ ሁለቱም በራውቲንግ ሠንጠረዡ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ መዳረሻቸው በ/25 ክልል ውስጥ የሚወድቅ ፓኬቶችም የቱንም ያህል ሜትሪኩ ቢበዛ በረዥሙ ፕሪፊክስ ይሄዳሉ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሜትሪክ ማስተካከል ድካም ብቻ ነው፤ መስተካከል ያለበት የፕሪፊክሱ ማጠቃለያ ነው።

ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው መንገዶቹ ከየትኛው ፕሮቶኮል እንደመጡ ነው። በሲስኮ ራውተሮች አስተዳደራዊ ርቀት የሚባለው መለኪያ (ትንሹ ያሸንፋል) ለስታቲክ መንገድ 1፣ ከውጭ ጎረቤት ለመጣ ቢጂፒ 20፣ ለኦኤስፒኤፍ 110፣ ለሪፕ 120፣ ከውስጥ ጎረቤት ለመጣ ቢጂፒ 200 ነው። ጁኒፐር ተመሳሳይ መለኪያ ቢኖረውም ቁጥሮቹ ይለያያሉ፤ በተለይ የኦኤስፒኤፍ የውስጥ መንገዶችን 10፣ የውጮቹን 150 ብሎ ከመነሻው ይለያቸዋል። የሁለት አምራቾች ራውተሮች በተቀላቀሉበት ኔትወርክ ይህ ልዩነት ብዙ ያልተጠበቀ ባሕርይ ያስከትላል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ራውተር ነባሪ ዋጋ በሥዕሉ ላይ ጽፎ መያዝ ይጠቅማል።

ደረጃ 3፦ የተሸነፈው መንገድ ወደ ውድድሩ ገብቶ እንደነበር ይመርምሩ

በኦኤስፒኤፍ ዳታቤዝ ውስጥ መታየትና ለምርጫ መቅረብ አንድ አይደሉም። ራውተሮች ስለ መንገዶች የሚለዋወጡት ማስታወቂያ ኤልኤስኤ ይባላል፤ ዓይነት 5 የውጭ መንገድን የሚያሳውቀው ነው። ራውተሩ እያንዳንዱን ዓይነት 5 ኤልኤስኤ ሲመለከት አስቀድሞ የሚጥላቸው አሉ። ሜትሪኩ 16777215 የሆነ፣ ማለትም በ24 ቢት ሊጻፍ የሚችለውን ከፍተኛ ቁጥር የያዘ ኤልኤስኤ እንደማይደረስበት ይቆጠራል። ዕድሜው 3600 ሰከንድ የሞላም እንዲሁ አይታይም። ራውተሩ ራሱ ያወጣውን ኤልኤስኤም ለራሱ ስሌት አይጠቀምበትም።

ቀጥሎ የሚታየው ኤኤስቢአሩ ራሱ ይደረስበታል ወይ የሚለው ነው። ኤኤስቢአሩ በሌላ ኤሪያ፣ ማለትም በሌላ የኦኤስፒኤፍ ኔትወርክ ክፍል፣ ውስጥ ከሆነ ወደ እሱ የሚወስደውን መረጃ የሚያቀርበው የኤሪያ ድንበር ራውተሩ፣ ማለትም ኤቢአሩ፣ የሚያወጣው ዓይነት 4 ኤልኤስኤ ነው። ይህ ከጠፋ ዓይነት 5 ኤልኤስኤው በዳታቤዙ ውስጥ በሙሉ ጤንነት ተቀምጦ ሳለ መንገዱ በሠንጠረዡ ውስጥ አይታይም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው ግን የፎርዋርዲንግ አድራሻ ጉዳይ ነው። በኤልኤስኤው ውስጥ ይህ መስክ 0.0.0.0 ከሆነ ፓኬቱ የሚላከው ወደ ኤኤስቢአሩ ራሱ ነው፣ ርቀቱም የሚለካው እስከ እሱ ድረስ ነው። መስኩ ሌላ አድራሻ ከያዘ ግን ርቀቱ የሚለካው እስከዚያ አድራሻ ድረስ ሲሆን፣ አድራሻው በኦኤስፒኤፍ የውስጥ መንገድ፣ ማለትም በዚያው ኤሪያ ወይም በኤሪያዎች መካከል ባለ መንገድ፣ መደረስ አለበት። ወደ አድራሻው የሚወስደው መንገድ ራሱ የውጭ መንገድ ከሆነ፣ ወይም ከስታቲክ የተገኘ ከሆነ፣ ኤልኤስኤው ይጣላል። አንድ ጊዜ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ኤቢአሩ ላይ የተጨመረች አንዲት ማጣሪያ የፎርዋርዲንግ አድራሻው የሚገኝበትን ትንሽ ኔትወርክ ስለከለከለች በሌሎቹ ኤሪያዎች ያሉ የውጭ መንገዶች ሁሉ በአንዴ ሲጠፉ አይቻለሁ። በኤኤስቢአሩም ሆነ በዳታቤዙ ላይ አንዳች ስሕተት አልነበረም፤ ምክንያቱ የተገኘው መስኩን አንብቦ ያንን አድራሻ በሠንጠረዡ ውስጥ በመፈለግ ነበር። ስለዚህ ኤልኤስኤውን ሲያነቡ ሜትሪኩን ብቻ ሳይሆን ይህን መስክ በተለይ ይመልከቱ።

ደረጃ 4፦ የእያንዳንዱን መንገድ ዓይነት ይለዩ

ወደ አንድ መዳረሻ የሚወስዱ የኦኤስፒኤፍ መንገዶች በመጀመሪያ የሚለዩት በዓይነታቸው ነው። በዚያው ኤሪያ ውስጥ ያለ መንገድ ከሁሉ ይቀድማል፤ ከዚያ ከሌላ ኤሪያ የመጣው፣ ከዚያ የመጀመሪያው ዓይነት የውጭ መንገድ ወይም ኢ1፣ በመጨረሻም የሁለተኛው ዓይነት የውጭ መንገድ ወይም ኢ2 ይከተላል። ዓይነታቸው የተለያየ መንገዶች ቁጥራቸው ፈጽሞ አይነጻጸርም። ለ ኔትወርኩን በኢ2 ሜትሪክ 1፣ ሐ ደግሞ በኢ1 ሜትሪክ 1000 ቢያሳውቁ፣ ራውተር ሀ ጠቅላላ ኮስቱ 1040 የሆነውን የሐን መንገድ ይመርጣል። ሜትሪክ ተቀይሮ ምንም ለውጥ ያልታየበት ጉዳይ ሲቀርብልዎ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፦ አንዱ ኤኤስቢአር በኢ1፣ ሌላው በኢ2 እያሳወቀ ሊሆን ይችላል።

ዓይነት 5 ኤልኤስኤ በማይገባበት፣ ኤንኤስኤስኤ በሚባለው ኤሪያ ውስጥ የውጭ መንገዶች በዓይነት 7 ኤልኤስኤ ይጓዛሉ፣ በሠንጠረዡም ኤን1 እና ኤን2 ተብለው ይታያሉ፤ የምርጫ ደረጃቸው ግን ከኢ1 እና ከኢ2 ጋር ተመሳሳይ ነው። ዓይነት 7ን ወደ ዓይነት 5 የሚተረጉመው ከኤሪያው ኤቢአሮች መካከል ከፍተኛው ራውተር መለያ ያለው ነው። ሆኖም በትርጉሙ ወቅት የፎርዋርዲንግ አድራሻው እንዳለ ስለሚቀመጥ ትራፊኩ የግድ በተርጓሚው በኩል አያልፍም።

ደረጃ 5፦ ስሌቱን በእጅዎ ይሥሩ

ዓይነታቸው አንድ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ቁጥር ይመጣል፤ እዚህ ላይ ኢ1 እና ኢ2 የሚሄዱበት መንገድ ይለያያል።

ለኢ1 የሚነጻጸረው ድምሩ ነው፦ ራውተሩ እስከ ኤኤስቢአሩ ወይም እስከ ፎርዋርዲንግ አድራሻው ያለው የውስጥ ኮስት ሲደመር የተነገረው የውጭ ሜትሪክ። ለ እና ሐ ሁለቱም በሜትሪክ 20 ቢያሳውቁ፣ ለራውተር ሀ የለ መንገድ 30፣ የሐ ደግሞ 60 ይሆናል፤ ለራውተር መ የለ 65፣ የሐ 25 ነው። ስለዚህ ሀ በለ፣ መ በሐ ይወጣል።

ለኢ2 መጀመሪያ የሚነጻጸረው የተነገረው የውጭ ሜትሪክ ብቻውን ነው። «ኢ2 የውስጡን ኮስት አይመለከትም» ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ አባባሉ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። የውጭ ሜትሪኩ እኩል ከሆነ የውስጡ ኮስት ተቆጥሮ ቅርቡ መውጫ ያሸንፋል። በሲስኮ ራውተር ላይ የአንድን መዳረሻ ዝርዝር ሲጠይቁ ከሜትሪኩ ጎን «ፎርዋርድ ሜትሪክ» ተብሎ የሚወጣው ቁጥር ይህ የውስጥ ኮስት ነው። በምሳሌያችን ሁለቱም በኢ2 ሜትሪክ 20 ቢያሳውቁ፣ የሀ ፎርዋርድ ሜትሪክ ወደ ለ 10፣ ወደ ሐ 40 ስለሆነ በለ ይወጣል፤ መ በተመሳሳይ ምክንያት በሐ ይወጣል። ውጤቱ ከኢ1 ጋር አንድ ነው። እንግዲህ ሜትሪኮቹ እኩል እስከሆኑ ድረስ በሁለቱ ዓይነቶች መካከል ልዩነት አይታይም፤ ልዩነቱ የሚወጣው ቁጥሮቹ ሲለያዩ ነው።

አሁን የለን ሜትሪክ ወደ 30 ያሳድጉትና እንደገና ያስሉ። በኢ1 የሀ ድምር በለ በኩል 40፣ በሐ በኩል 60 ስለሚሆን ሀ በለ መውጣቱን ይቀጥላል። በኢ2 ግን 20 ከ30 ያንሳል፤ ስለዚህ ሀ ወደ ለ 10 ብቻ እየቀረው ኮስቱ 40 ወደ ሆነው ወደ ሐ ይዞራል። የውስጡ ኮስት 40 ሳይሆን 40000 ቢሆን እንኳ ምርጫው አይለወጥም። ከደንቡ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ከኔትወርኩ ውጭ ያለው ጉዞ ከውስጡ ጉዞ እጅግ የሚበልጥ በመሆኑ የውስጡን መደመር አያስፈልግም የሚል ነው። ይህ ግምት ለእርስዎ ኔትወርክ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን መመዘን የእርስዎ ፋንታ ነው።

በሁሉም መለኪያ እኩል የሆኑ መንገዶች አብረው በሠንጠረዡ ውስጥ ይገቡና ትራፊኩ ይከፋፈልባቸዋል።

አንድ ተጨማሪ ነገር እዚህ መነሳት አለበት። በአርኤፍሲ 2328 ከቀድሞው አርኤፍሲ 1583 ጋር መጣጣምን የሚወስን ማብሪያ አለ፤ ነባሪው መጣጣም ነው። ሲጠፋ፣ ወደ ኤኤስቢአሩ የሚወስደው መንገድ ባክቦን (ሌሎቹን የሚያገናኘው ማዕከላዊ ኤሪያ) ባልሆነ ኤሪያ ውስጥ የሚያልፍ የዚያው ኤሪያ መንገድ ከሆነ ከኮስቱ ቀድሞ ይመረጣል። ዋናው ነገር ማብሪያው በሁሉም ራውተሮች ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ካልሆነ ሁለት ራውተሮች ተቃራኒ ውሳኔ ወስነው ፓኬቱን እርስ በርስ ሊመላለሱበት ይችላሉ።

ደረጃ 6፦ የሚፈልጉትን ውጤት ይወስኑ፣ ከዚያ ዓይነቱን ይምረጡ

ነባሪው ዋጋ ለእርስዎ እንዲወስን አይፍቀዱ። የሲስኮ ራውተሮች ወደ ኦኤስፒኤፍ የሚያስገቡትን መንገድ ካልተነገራቸው በቀር በኢ2 ያሳውቃሉ፤ ሜትሪኩም 20 ነው፣ ከቢጂፒ ለመጣ ግን 1። ስለዚህ ለ ከስታቲክ፣ ሐ ደግሞ ከቢጂፒ ወስደው ቢያሳውቁ፣ ማንም ሳይወስን ሐ በመላው ኔትወርክ ያሸንፋል። እንዲህ ያለ «ምርጫ» ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ዓይነቱንና ሜትሪኩን በግልጽ መጻፍ ሁልጊዜ ይሻላል።

እያንዳንዱ ራውተር በቅርቡ በር እንዲወጣ ከተፈለገ፣ መውጫዎቹም በአቅም የሚመጣጠኑ ከሆነ፣ ኢ1ን በእኩል ሜትሪክ ይጠቀሙ። መጠነኛ የአቅም ልዩነት ካለ ሜትሪኩን በልዩነቱ ልክ ማዘንበል ይቻላል፤ ኢ1 ቁጥሩን ከውስጡ ጋር ስለሚደምር ለውጡ የሚነካው የሁለቱ መውጫዎች ድምር የሚቀራረብባቸውን ራውተሮች ብቻ ነው። አንደኛው ዋና፣ ሌላው መጠባበቂያ እንዲሆን ከተፈለገ ግን ኢ2 ይበልጣል፦ ለ በ20፣ ሐ በ200 ቢያሳውቁ ሀም መም በለ ይወጣሉ፣ ለ ሲጠፋም ወደ ሐ ይዞራሉ። ይህንኑ በኢ1 ለማግኘት የሐ ሜትሪክ የሩቁን ራውተር ስሌት መብለጥ አለበት። ለመ የለ ድምር 65 ስለሆነ፣ ሐ በ60 ቢያሳውቅ 65 ለ65 እኩል ሆኖ ትራፊኩ ይከፈላል፤ የሚፈለገው ውጤት የሚገኘው ከ61 ጀምሮ ነው። ነገ የአንድ መሥመር ኮስት ሲቀየር ደግሞ ሒሳቡ እንደገና መሠራት ይኖርበታል።

ሆኖም በሥዕሉ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እያንዳንዱ ራውተር ፓኬቱን የሚልከው በራሱ ሠንጠረዥ መሠረት ነው። ሐ ለ203.0.113.0/24 የራሱ ስታቲክ ወይም ከውጭ ጎረቤት የመጣ ቢጂፒ ካለው፣ አስተዳደራዊ ርቀቱ ከኦኤስፒኤፍ ስለሚያንስ የራሱን መውጫ ይጠቀማል። ከሐ ጀርባ ሌላ ራውተር ሰ ቢኖር፣ ሰ በሠንጠረዡ ለን ይመርጣል፤ ነገር ግን ወደ ለ የሚወስደው መንገድ በሐ በኩል ስለሚያልፍ፣ ሐ ፓኬቱን ተቀብሎ በራሱ በር ያወጣዋል። የሰ ሠንጠረዥ «በለ» ይላል፤ ፓኬቱ የሚወጣው በሐ ነው። መጠባበቂያው በእርግጥ ሥራ ፈት ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ ሐ ራሱ የለን መንገድ እንዲመርጥ መደረግ አለበት፤ ያ ሲደረግ ደግሞ ሐ የራሱን መንገድ በሠንጠረዡ ስለማያስገባ ወደ ኦኤስፒኤፍም ማሳወቁን ያቆማል፣ የሚጀምረውም ለ ሲጠፋ ነው። ይህ መዘግየት ለሥራዎ ተቀባይነት ያለው መሆኑን አስቀድመው ይመዝኑ።

ደረጃ 7፦ ሁለቱ ኤኤስቢአሮች ከአንድ የውጭ ፕሮቶኮል የሚወስዱ ከሆነ መመለሻውን ይዝጉ

ለ እና ሐ ሁለቱም ከአንድ የሪፕ ክልል ጋር ተገናኝተው መንገድ ወደ ኦኤስፒኤፍ ያስገባሉ እንበል። ለ ቀድሞ ያሳውቃል። ሐ ያንኑ ፕሪፊክስ ከሪፕ በርቀት 120፣ ከኦኤስፒኤፍ በርቀት 110 ይሰማል፤ የኦኤስፒኤፉን ይመርጣል፤ የሪፑ መንገድ ከሠንጠረዡ ስለወጣ ሐ የራሱን ኤልኤስኤ አያወጣም። በዳታቤዙ ውስጥ ሁለት መሆን የነበረበት የውጭ መንገድ አንድ ብቻ ይሆናል፣ ሐም ጎረቤቱ ለሆነው የሪፕ ኔትወርክ ትራፊኩን መላውን የውስጥ ኔትወርክ አሻግሮ በለ በኩል ይልካል። ራውተሮቹ ዳግም ሲነሱ ቀድሞ የተናገረው ስለሚያሸንፍ ሁኔታው ሊገለበጥ ይችላል። ሐ በተጨማሪ ከኦኤስፒኤፍ ወደ ሪፕ የሚመልስ ከሆነ የራሱ የሪፕ ክልል መንገድ እንደ አዲስ ተመልሶ ይገባና ዑደት ሊፈጠር ይችላል።

መፍትሔው ሁለት እርምጃ ነው። በሁለቱም ኤኤስቢአሮች ላይ የኦኤስፒኤፍ የውጭ መንገዶችን አስተዳደራዊ ርቀት ከ120 በላይ፣ ለምሳሌ 125 ያድርጉ፤ ሲስኮ ይህን «ዲስታንስ ኦኤስፒኤፍ ኤክስተርናል» በሚለው ትዕዛዝ ይፈቅዳል። ከዚያም ከሪፕ ወደ ኦኤስፒኤፍ የሚገባውን ሁሉ በአንድ ታግ ምልክት ያድርጉበት፣ ከኦኤስፒኤፍ ወደ ሪፕ ሲመለስ ያንን ታግ የያዘውን ይከልክሉ። የውጭ ኤልኤስኤ ለታግ 32 ቢት አለው፤ ኦኤስፒኤፍም በመንገድ ምርጫው ውስጥ አያስገባውም፣ ስለዚህ ያለ ሥጋት ለዚህ ሥራ ሊውል ይችላል።

ደረጃ 8፦ ለውጡን ያስገቡና ከሩቁ ራውተር ጀምረው ያረጋግጡ

ለውጡን በአንድ ኤኤስቢአር ላይ ብቻ በአንድ ጊዜ ያድርጉ። ዓይነቱን ከኢ2 ወደ ኢ1 የሚቀይሩ ከሆነ በመካከሉ አንዱ ኢ1፣ ሌላው ኢ2 የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ፣ በዚያ ጊዜም ትራፊኩ ሁሉ ወደ ተቀየረው እንደሚጎርፍ ይወቁ፤ ስለዚህ አቅሙ የሚበልጠውን መውጫ አስቀድመው ይቀይሩ።

ከዚያ በመጀመሪያ የሐን ወይም የለን ሳይሆን ከመውጫዎቹ ርቀው በመሃል ያሉትን ራውተሮች ሠንጠረዥ ይመልከቱ። ለእያንዳንዱ መዳረሻ አራት ነገሮችን ይጻፉ፦ ዓይነቱን፣ ሜትሪኩን፣ ፎርዋርድ ሜትሪኩን፣ ያሳወቀውን ራውተር መለያ። በደረጃ 5 በእጅዎ ካሰሉት ጋር ያነጻጽሩ። ከተለያዩ ስሌቱን ከማረም በፊት ወደ ደረጃ 3 ተመልሰው ኤልኤስኤውን ያንብቡ፣ ምክንያቱም በወረቀት ላይ የተወዳደረው መንገድ በራውተሩ ውስጥ ጭራሽ ያልቀረበ ሊሆን ይችላል። ሠንጠረዡ ትክክል ከሆነ በኋላ ፓኬቱ በእርግጥ የሚያልፍበትን መንገድ በትሬስራውት ይከታተሉ፤ በደረጃ 6 እንደታየው ሠንጠረዡና ፓኬቱ ላይስማሙ ይችላሉ። በመጨረሻም ዋናውን መውጫ በተመደበ የጥገና ሰዓት ዘግተው ትራፊኩ ወደ መጠባበቂያው መዞሩን፣ ሲከፍቱትም መመለሱን ይመልከቱ፤ መመለሱ ካልታየ በደረጃ 7 የተገለጸው መመለሻ በአንዱ ኤኤስቢአር ላይ ሳይዘጋ ቀርቶ እንዳይሆን ይፈትሹ።